የእናቴ ስግደት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት ራሴን ያመኝ ጀመር። ምክንያቱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋቢ ተከናንቤ ስልኬ ላይ እጣዳለሁ፤ አንዱን ቪዲዮ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። እናቴን "እያጠናሁ ነው" አልኳት። እሷም አምናኝ ለጎረቤት ሁሉ "ልጄማ በስልኳ ነው የምታጠናው" እያለች ትኮራብኝ ነበር።

ጤና ጣቢያ የሰጡኝ ክኒን አልያዘልኝም። ስለዚህ ጸበል ወሰደችኝና ሰባት ቀን ተጠመቅሁ። እዚያ ስልክ ክልክል ነበር፤ ሕመሙም ለቀቀኝ። ደብረ ማርቆስ ተመልሰን ሦስት ቀን ሳንቆይ ግን አገረሸብኝ።

"ጸበሉስ አድኖሽ ነበር" አለች እናቴ፣ "የመለሰብሽ የኔ ኃጢአት ነው።"

እኔን አርግዛ ሳለች በውሃ ወረፋ ከጎረቤቷ ተጣልታ፣ ሴትዮዋ ሳይታረቁ ሞታባታለች። ይህንኑ ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች። እሳቸውም በየማለዳው አርባ አንድ ስግደት ቀኖና ሰጧት። ሕመሜ አልተወኝ ሲል ደግሞ በራሷ ፈቃድ እጥፍ አደረገችው።

ቤታችን አንድ ክፍል ናት። በዚያ ብርድ ጉልበቷ ሲሚንቶውን ሲመታ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማለሁ፤ እኔ ጉደኛዋ በጋቢ ውስጥ ድምፁን አጥፍቼ ቪዲዮ አያለሁ። አንድ ቀን ቀና ስትል የስልኩን ብርሃን አየችው።

"በዚህ ማለዳ ታጠኛለሽ? እኔን! ዓይንሽ እንዳይደክም" አለችና ተመልሳ ሰገደች።

አለቀስኩ። ስልኩን ግን አልዘጋሁትም። ለራሴ ይቅር ማለት ያቃተኝ ይህንን ነው።

ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ስልክ አያስገቡም። በነዚያ ቀናት ራሴን አንድም ጊዜ አላመመኝም፤ ፈተናውን ግን ወደቅሁ። ቤት እንደተመለስኩ ስልኬን ለአክስቴ ሰጠሁ፤ ሕመሙም በዚያው ቀረ። እናቴ "ተሰማልኝ!" ብላ እልል አለች። ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ እውነቱን ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ይኸው ስንት ነገ አለፈ።

አሁን ቅዳሴ የምታስቀድሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ማታ ማታ ጉልበቷን ቅባት እቀባታለሁ። ትናንት ፊቷን ስታጨማድድ አይቼ፣

"እማዬ፣ በጣም ያምሻል?" አልኳት።

"ቢያመኝስ?" አለች እየሳቀች፣ "አንቺን ያዳነ ጉልበት አይደል!"

ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ማሸቴን ቀጠልኩ።