የሰልባትዮው ምድጃ

የእህቴ ባል በእጄ የሠራሁትን የሥጋ መጥበሻ ምድጃ «የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ወሰደብኝ። ዛሬም በቁሓ መንገድ ሳልፍ ናፍጣና ከሰል ተቀላቅሎ ከሸተተኝ ያ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ምራቄን እተፋለሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ፊደል እንኳ ገና አልቆጠርኩም። ከአሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና የወለቀ ሰልባትዮ፣ የናፍጣ መያዣውን፣ አጥቤ ለሁለት ሰነጠቅኩና እግር በየድኩለት። ብየዳ ያስተማሩኝ አቦይ ሐጎስ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው፣ «ወደይ፣ ልጄ፣ የመጀመሪያው እሳት ለሥጋ አይደለም፤ ለናፍጣው ነው። ባዶውን አንድደው» አሉኝ።

የእህቴ ባል ግን በፋሲካ ዋዜማ በጋሪ አስጭኖ ወሰደው። የአቦይ ሐጎስን ቃል ብነግረው፣ «አንተ ሥጋ መቼ በልተህ ታውቅና ነው የምትመክረኝ?» አለኝ።

ለፋሲካ እንግዶቹን ሰብስቦ፣ «በዚህች እጄ ነው የሠራሁት!» እያለ ደረቱን ነፋ። የበጉ ጎድን ተጠብሶ ሲቀርብ ግቢው ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። አንዱ እንግዳ የጎረሰውን ተፍቶ፣ «ዋይ! በግ ነው ኤንትሬ ያረድክልን?» አለው።

ጀግናው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ፤ «እሱ ነው የሠራው! እኔ ምን አውቃለሁ?»

ምድጃው የእኔ ሥራ መሆኑ በሰው ፊት የታመነው እንግዲህ ያን ቀን ነው፤ በፋሲካ እሑድ።