ያጠብኩት ሂና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም። ንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስንት ጥቃቅን ኃጢአት ዘርዝሬያለሁ፤ ይቺ ላይ ስደርስ ግን ዘልያት ነው የምነሳው። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ድፍረት እንዳይመስላችሁ።

ሆዳንና እኔ ጎረቤታሞች ነበርን፤ ግቢያችንን የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እሷ ከቤቷ ሶማሊኛ፣ እኔ ከቤቴ አማርኛ ይዘን ወጥተን፣ መንገድ ላይ ኦሮምኛውንም ቀላቅለን ያደግን የድሬ ልጆች ነን። አሥረኛ ክፍል ሳለን የኬሚስትሪ መምህራችን እያንዳንዱ ተማሪ የግሉኮስን ሞለኪውል በሞዴል ሠርቶ እንዲያመጣ አዘዙ። ካርበኑ ጥቁር፣ ኦክስጅኑ ቀይ፣ ሃይድሮጅኑ ነጭ ይሁን፤ የቀረውን እንደፈለጋችሁ አስጊጡት አሉ። የተመረጠው ሞዴል ለከተማው የተማሪዎች ኤግዚቢሽን ይቀርባል።

ለእኔ መመረጥ ማለት መጨብጨብ ነበር። ለሆዳን ግን ትምህርቷ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ክረምት ሲገባ ጀልዴሳ፣ አክስቷ ጋ ሄዳ ሱቅ እንድትይዝ ቆርጠው ነበር። ስትለምናቸው፣ ስታለቅስባቸው ከርማ በመጨረሻ «እሺ፣ ከተመረጥሽ ትማሪያለሽ፤ ካልተመረጥሽ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ» አሏት። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አጥሩ ሥር ቁጭ ብላ ራሷ ነግራኛለች። እኔም አይዞሽ ብያታለሁ።

ሌሎቻችን የሠራነው ያው ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የወጣ ፎም አድቦልቡለን፣ ቀለም ቀብተን፣ በስቴኪኒ ሰካን። አንዱ ብልጭልጭ ነሰነሰበት፣ አንዷ የበዓል መብራት አዞረችበት። ሎሚና ቲማቲም የሰካም ነበር፤ በድሬ ሙቀት ሳይውል ሳያድር ሸተተበት። ሆዳን ግን አቡጀዲ ቀድዳ፣ በጥጥ ሞልታ፣ ድቡልቡል አድርጋ ሰፋች። ሙሽራ የምታስጌጥ ልጅ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ወርዳ ቀይና ጥቁር ሂና ገዛችና ካርበኖቹን በጥቁር፣ ኦክስጅኖቹን በቀይ፣ ልክ እንደ ሙሽራ እጅ በቅጠልና በሐረግ ሸፈነቻቸው። ሃይድሮጅኖቹን ምንም አልነካቻቸውም። «እነሱ ሚዜዎቹ ናቸው» አለችኝ እየሳቀች።

ሞዴሎቹ ሊታዩ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ ጠዋት፣ አያቷ ጀልዴሳ አረፉ ተባለ። ቤተሰቡ በሙሉ ሊሄድ ሲወጣ ሆዳን ትሪዋን ተሸክማ እኛ ቤት ገባች። ሂናው ገና አሁን የተቀባ፣ እርጥብ ነው።

«ናያ፣ አንቺ፣ አደራሽን» አለችኝ። «እስኪመሽ ይቆይ። ከዚያ በደረቁ ፈቅፍቀሽ ዘይት ቀቢው። ብቻ ውሃ እንዳይነካው፣ አቦ!»

ሂና ሰዓቱን ካልጠበቁት አይዝም። ቶሎ ውሃ ካገኘው ደብዝዞ ይቀራል። ድሬ ውስጥ ይህን የማታውቅ ሴት ልጅ የለችም፤ እኔም አውቃለሁ።

አባቴ ለምሳ ከሥራ ሲገባ ትሪውን አየ። አባቴ በሠራሁት ነገር «ጎሽ» ያለኝን ቀን አላስታውስም። ያን ቀን ግን ቁጢጥ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። «ኧረ እናንተ፣ ኑ እዩልኝ! ይቺ ልጅ ኬሚስትሪን ዳረችው እኮ!» ብሎ እናቴን ጠራ። የእኔ ሞዴል እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዞር ብሎም አላየው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። አባቱ ያላሞገሰው ልጅ ሁሉ የጓደኛውን ሥራ ያጠፋል?

ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ቤቱ ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጋደማል። ትሪውን አነሳሁት። ቧንቧው ጋ ወሰድኩት። ቧንቧውን ከፈትኩት። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ በዚያ ሙቀት ሰይጣንም ተኝቶ ነበር። እኔ ነኝ አንድ በአንድ ያጠብኳቸው። ጥቁሩም ቀዩም አብሮ ወረደ፣ ነጮቹንም አቆሸሻቸው። ሲደርቁ ሁሉም ያው የደከመ ብርቱካናማ ሆኑ። ከዚያ ዘይት ቀባኋቸው። አዎ፣ ዘይትም ቀባኋቸው፣ ልክ አደራዋን እንደጠበቀ ሰው! ይህን ምን ብዬ ልጥራው? ምቀኝነት ብቻ ነው? ምቀኛ እንኳ ይኼን ያህል አይደክምም።

ጠዋት ሆዳን ከጀልዴሳ መኪና እንደወረደች፣ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ትምህርት ቤት መጣች። ትሪዋን ጨርቅ አልብሼ ይዤላት ሄጄ ነበር፤ ገለጠችው። አንዱን አንስታ አገላበጠችው።

«አልያዘም» አለች። ቀጥላ «ኢዶ ሃዋ አሮጌ ሂና ሰጥታኝ ይሆን?»

ኢዶ ሃዋ ቀፊራ ሂና የሚሸጡ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ አጠገባቸው አስቀምጠው ሥራውን ያስተማሯት ሴት ናቸው። ኢዶ፣ አክስቴ፣ የምትላቸውም ለዚህ ነው። እኔስ ምን አልኩ?

«ይሆናል» አልኩ።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ካርበንሽ የቱ ነው?» ሲሏት እያንዳንዱን ከነቦታው አሳየቻቸው፤ አንድም አልተሳሳተችም። «ለእኔስ ገባኝ፤ ሌላው ሰው በምን ይለየዋል?» አሉ። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። የእኔን መረጡት። ኤግዚቢሽኑ ላይ ቆሜ ስለ ሞዴሌ አስረዳሁ፤ ተጨበጨበልኝም። አባቴ «ጎሽ» አለኝ። ስፈልጋት የኖርኳት ቃል ናት፤ ስሰማት ግን አንገቴን ደፋሁ።

ሆዳን ቀፊራ ሄዳ በሰው ፊት ኢዶ ሃዋን አታላይ ብላ ሰደበቻቸው። «ወላሂ፣ ልጄ፣ ከአዲሱ ነው የሰጠሁሽ» እያሉ ሲምሉ አላመነቻቸውም። አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ምላሴ ታስሮ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ አሮጊቷ ሞቱ። ሆዳንም ክረምት ሲገባ ጀልዴሳ ሄደች፤ ወደ ክፍላችን አልተመለሰችም።

ባለፈው ዓመት ቀፊራ ቅመም ስገዛ ከኋላዬ አቀፈችኝ። ሴት ልጇን አስከትላለች። «ይቺን ሳሚ፣ እኅቴ ናት» አለቻት። «ያን ቀን ሁሉም ሲስቅብኝ እጄን ይዛ አጠገቤ የቆመች እሷ ብቻ ናት።» እውነቷን ነው፤ እጇን ይዤ ነበር። ልጅቷ ቀረብ ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሁለቱም እየሳቁ ይጠብቁኛል።

«ምንም አይደል» አልኩ።

ሆዳን ስትሰናበተኝ «ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቃ ልገዛ እዚህ እመጣለሁ፤ እንዳትጠፊብኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የይቅርታው ባለቤት የት እንዳለች፣ በየትኛው ቀን እንደምትገኝ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀፊራ መሄድ ትቻለሁ።