ካዝ ዱዴክ እና አልነሣ ያለው የመብራት ክዳን

ዋያንዶት ከተማ ውስጥ ካዝ ዱዴክን የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በመኪና ቆርቆሮ መጭመቂያ ፋብሪካ ሠርቷል፤ ዘጠኙን ዓመት እኔም አጠገቡ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቆሞ የትኛው ማሽን ሊበላሽ እንደተቃረበ በድምፁ ይለይ ነበር። አለቆቹ እንኳ መካኒክ ከመጥራታቸው በፊት «ካዝ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ይህን ስሙን ይዞ ወጣ።

ሌላው የሚታወቅበት መኪናው ነው። የ1967 ሥሪት፣ ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ጥቁር አረንጓዴ። የፊት መብራቶቿ ተደብቀው ነው የሚኖሩት፤ ቀን ከፊት ለፊት ያያት ሰው መብራት የላትም ይላል። ማብሪያው ሲሳብ ሁለት ክዳኖች ይነሡና መብራቶቹ ብቅ ይላሉ። ክዳኖቹን የሚያነሣው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ጉልበት ነው፤ መካኒኮች ቫኪዩም የሚሉት። በቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ተስቦ እስከ ፊት ይደርሳል። ቱቦው የሆነ ቦታ ላይ ከተሰነጠቀ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል።

ያን ዓመት በጸደይ የግራው ክዳን መለገም ጀመረ። ግማሽ ድረስ ይነሣና ይቆማል። ካዝ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየረ፤ ለውጥ የለም። እንደገና ቀየረ፤ ባሰበት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ጀርባ መኪኖቻችንን አቁመን እናወራለን። ከመካከላችን ቨርን ትሮምብሊ የካዝን የመሰለች መኪና አለችው። እሱ ከሁለት ዓመት በፊት ቫኪዩሙን ነቅሎ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ገጥሞላታል።

«ሁለት ሽቦ፣ አንድ ፊውዝ፤ አለቀ» አለው ለካዝ። «ምን ያለፋሃል?»

«መኪና ነው የያዝከው ወይስ የፀጉር ማድረቂያ?» አለው ካዝ።

«የኔ ፀጉር ማድረቂያ ሁለቱንም ዓይኑን ይገልጣል።»

ሁላችንም ሳቅን። ካዝ ከሁላችን ዘግይቶ፣ የኛን ፊት አይቶ ሳቀ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሰኔ ላይ ካዝና ሚስቱ ማርሊን ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ በወንዙ ዳር መንገድ ላይ ሳሉ መሸባቸው። የግራው መብራት እንደልማዱ ግማሽ ተከድኗል። አንድ ኩርባ ላይ ሲደርሱ የቀኙም ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር፤ መንገዱ ከፊታቸው ጠፋ። ካዝ ፍሬን ይዞ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣት፤ ጎማዋ ቦዩ አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። ማርሊን ወርዳ ዛፍ ሥር ቆመች። እሱ ክዳኖቹን በእጁ አንሥቶ በሽቦ አሰራቸው።

«ካዝ» አለችው፤ «በኤሌክትሪክ አድርገው በእንፋሎት ግድ የለኝም። ዛሬ ቤት ካደረስከኝ በኋላ ግን እስኪስተካከል ድረስ እዚህ ውስጥ አልገባም።»

ክዳኖቹ በሽቦ እንደታሰሩ ቀስ ብለው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ እሑድ ካዝ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ሞተሩን አጥፍቶ በእጅ ፓምፕ አየሩን እየሳበ፣ አንድ ቁራጭ ቱቦ ጆሮው ላይ ደግኖ ሽንቁሩን ይፈልግ ጀመር። እንዲህ ያለ ሽንቁር የሚገኘው በጆሮ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲል ዋለ። ከዚያ ማርሊን ቋሊማና የኮመጠጠ ኪያር በሳህን ይዛ መጣች።

«ምንድነው እንዲህ የሚያፏጨው?» አለችው።

ካዝ ከኮፈኑ ሥር ቀና አለ። «ምኑ?»

«ይሄ ነዋ፤ አጠገብህ። እየሰማኸው አይደለም?»

ካዝ ቱቦውን መልሶ ጆሮው ላይ ደገነው። ሳህኑን አስቀምጣ መጣችና ጎንበስ ብላ ከግራው ፓራፋንጎ በስተጀርባ ያለውን፣ ቫኪዩሙ የሚጠራቀምበትን ጣሳ አሳየችው። ካዝ ጣቱን ሰደደ። በዛገው ቆርቆሮ ላይ መርፌ የማታክል ቀዳዳ ነበረች፤ የጣቱን ቆዳ ሳብ ስታደርገው ተሰማው።

«አሁን ማፏጨቱን ተወ» አለች ማርሊን። ከዚያ ወደ ፊቱ ቀና አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ኋላ እንደነገረኝ፣ ለዚህ ጥያቄ ያዘጋጃቸው ውሸቶች ነበሩት። የውጪው ጫጫታ፣ ጉንፋን፣ የሣር ማጨጃ። ግን ጣቱ ቀዳዳው ላይ ነበርና ጥሎ መሄድ አልቻለም።

«አራት ዓመት ይሆነዋል» አለ። «ምናልባትም አምስት።»

ማርሊን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ካዝ ያዘነችበት መስሎት ይቅርታ ሊጠይቅ ሲል አቋረጠችው።

«የሰለቸሁህ መስሎኝ እኮ ነው። ራት ላይ አወራሃለሁ፣ አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ። የእናቴን ቤት እንሽጥ ወይ ብዬ ስጠይቅህ፣ ፈገግ ብለህ ሾርባህን ጠጣህ።»

«አልሰለቸሽኝም። አልሰማሁሽም እንጂ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ካዝ ምን አለ ሲባልልኝ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ዓመታት ደረቱ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር የወረደለት ያህል እንደተሰማው ነግሮኛል። ትንሽ ቆይቶ ጣቱን ማንሣት ይችል እንደሆነ ጠየቃት።

ከሰዓት በኋላውን አብረው ዋሉ፤ እሷ ትሰማለች፣ እሱ ይለጥፋል። ሁለት ሌሎች ሽንቁሮች አገኘችለት፣ አንዱ ክሩስኮቱ ሥር። ሲመሽ ክዳኖቹ ተነሡ። ካዝ ግን መሬት ላይ ተቀምጦ ሲያያቸው፣ ቫኪዩሙን የሙጥኝ ያለበት ምክንያት ግልጽ ሆነለት። መውደዱስ ይወደዋል፤ ክዳኖቹ ዝግ ብለው፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ቀድሞ ሲነሡ ደስ ይሉታል። ነገር ግን መቀየሩ ጆሮዬ አለቀ ብሎ እንደመናገር ስለነበር ነው እምቢ ሲል የከረመው። አሁን ተናገረው፤ የሚደብቀው አልቀረም።

«ኤሌክትሪኩን አስገባዋለሁ» አላት።

«እንዴ፣ ተሠራ እኮ! ሲያፈስም እኔ እሰማልሃለሁ።»

«አውቃለሁ። ጎማ ግን መልሶ ይሰነጠቃል። አንቺን መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቆመሽ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።»

ቅዳሜ ለቨርን ሊነግረው መጣ። ስድብ እየጠበቀ፣ ጆሮውንም ጭምር ነገረው። ቨርን ወዲያ ወዲህ አየና ባርኔጣውን ከፍ አደረገ። ከጆሮው ጀርባ እንደ ባቄላ ያለች የመስሚያ መሣሪያ ነበረችው።

«እኔስ ለምን የቀየርኩ ይመስልሃል?» አለ። «ይቺ የመጣችው ዘንድሮ ነው። ከዚያ በፊት ስትሰድበኝ ግማሹን አልሰማሁትም።»

ማክሰኞ ዕለት ሁለቱ ተጋግዘው ሞተሮቹን ገጠሙ። ሰዎቹ እየተጯጯሁ ስለሚሠሩ ጎረቤት ተጣሉ ብሎ ሊገላግል መጣ። የድሮው ዕቃ ተጠራርጎ፣ ስም ተጽፎበት ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ካዝ አንዲት ብሎን እንኳ አልጣለም። ማርሊን በመስኮት እጇን ሰድዳ ማብሪያውን ሳበች፤ ሁለቱም ክዳኖች እኩል ተነሡ። ደጋግማ ሞከረችው። ከዚያ የእጅ ቦርሳዋን ይዛ መኪናዋ ውስጥ ገባች።

ወሩ ሳያልቅ ካዝም መስሚያውን አገኘ። የጋዜጣ ወረቀት እንደዚህ ይጮሃል እንዴ እያለ ሳምንት ሙሉ አማረረ። አንድ ዓርብ ወደ ማታ፣ ከኤሪ ሐይቅ ዳር ካለ ምግብ ቤት ጥብስ ዓሣ ሊበሉ ሄዱ። እኔ ቀድሜ ደርሼ በመስኮት አየኋቸው፤ መብራቶቹ በርተው መጡና መኪናዋን አቆሙ። አልወረዱም። ማርሊን እጇን እያወናጨፈች የሆነ ነገር ትነግረዋለች፣ እሱ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ይመልስላታል። እኔ ዓሣዬን ጨርሼ ሒሳብ ስጠይቅም ገና መኪናው ውስጥ ነበሩ።