የመንሱራው ፖስታ ቤት ደረጃ

ባለፈው መስከረም፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ከቤታችን ጀርባ ያለ ጎረቤት ግድግዳውን ሊመርግ ጭድ ከጭቃ ጋር አቡክቶ ነበርና፣ ጠዋት መስኮት ስከፍት የረጠበ ገለባ ሽታ ገብቶ እጄ መስኮቱ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። የሪያዱ ቤታችን ሽታ ነበር። መንሱራ በሚባለው ሰፈር በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል ቤት መስኮት ላይ፣ ገለባ በመሰለ ነገር ውስጥ ውሃ እያንጠባጠበ የሚነፍስ አሮጌ ማቀዝቀዣ ተገጥሞ ነበር፤ ሙቀቱ ከገባ እስኪወጣ ድረስ ሌት ተቀን እያጓራ ይሠራ ስለነበር፣ እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ መጣራት ይሰለቻትና በእጇ ትጠራኝ ነበር።

ያን ጊዜ ገና አሥር ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ሁሴን በአንድ የግል ሆስፒታል ራጅ አንሺ ነበር፤ የሌሊት ተራ ሲደርሰው ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይገባና፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር መስኮቱ ሥር ያለው ፍራሽ ላይ ጋደም ይል ነበር። እናቴ ከድጃ ለሰፈሩ ሴቶች ልብስ ትሰፋ ነበር። እኔን ከመውለዷ በፊት ሱወይዲ በሚባል ሌላ ሰፈር በሚገኝ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ ብዙ ዓመት ሠርታለች፤ ስለዚያ ቤት ስጠይቃት ግን «ቤት ነው፣ ምን አለው» ብላ ታልፈኝ ነበር።

ከመስኮታችን ትይዩ አሮጌው ፖስታ ቤት ቆሞ ነበር። ቢጫ ቀለሙ ተቀርፏል፣ ከበሩ በላይ የነበረው ጽሑፍ ግማሹ ረግፏል፣ በሩ በሰንሰለት ታስሯል፤ ከበሩ ወደ መንገዱ የሚወርደው ሰፊ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ደግሞ ድመቶች ጥላ ፍለጋ ይተኙበታል። አዲሱ ፖስታ ቤት ሌላ ቦታ ከተከፈተ ወዲህ ማንም አይገባበትም፣ አባቴ ግን ስለዚያ ቤት አውርቶ አይጠግብም ነበር። በእሱ የወጣትነት ዘመን ደብዳቤ ቤት ለቤት ስለማይታደል፣ ደብዳቤ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ፖስታ ቤቱ ውስጥ በስሙ የተከራየው ሣጥን ሊኖረው ግድ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ደግሞ ከየት ሣጥን ታመጣለች? ሣጥን የነበራቸው ጋሽ ሙሄ ነበሩ።

ጋሽ ሙሄ የሐርቡ ሰው ናቸው፤ በአንድ የሳዑዲ ቤተሰብ ዘንድ ሾፌር ሆነው ነው ያረጁት፣ ጁምዓ ጁምዓም ምሳቸውን እኛ ቤት ይበሉ ነበር። የብዙ ወሎዬ ሴቶች ደብዳቤ በእሳቸው ሣጥን ስለሚመጣ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ስም እየጠሩ ያድሉ፣ ማንበብ ለማይችሉት ያነቡላቸው፣ ከቤት መውጣት ለተከለከሉት ደግሞ በሾፌሮች በኩል ይልኩላቸው ነበር። አባቴ እናቴን መጀመሪያ ያያት እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ይህን በተረከ ቁጥር ይስቅ ነበር፤ እናቴ ግን አብራው ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማዕድ ቤት ትገባ ነበር።

ሙቀቱ ሰበር ባለበት በዚያ ዓመት፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2013 መጨረሻ፣ ወረቀት ለማስተካከል የተሰጠው ጊዜ አለቀ ተባለና ፍተሻ ተጀመረ። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ከፊል፣ ዋስ የሆነው አሠሪ፣ እና የሚሠራበት ቦታ ያልገጠመለት ሰው ሁሉ መሄድ ነበረበት። እናቴ መጋረጃውን ዘጋች፣ እኔም ለጥቂት ጊዜ ከትምህርት ቤት ቀረሁ፣ ከፎቃችን ሥር የነበሩት ሱቆች አንድ በአንድ ጸጥ አሉ፤ ትናንት ቀሚስ ለማሰፋት መጥታ የተለካች ሴት ዛሬ ስልኳ አይነሣም ነበር። የጋሽ ሙሄ አሠሪ ሞተው ወረቀታቸውን ወደ ሌላ ከፊል የሚያዞርላቸው ስላልተገኘ፣ ሽማግሌው ራሳቸው ሄደው ለፖሊስ እጃቸውን ለመስጠት ወሰኑ። ከዚያ በፊት ጥቂት ቀን እኛ ዘንድ ሲያርፉ፣ አባቴ ስልኩን መሃል ላይ አስቀምጦ ድምፃቸውን ይቀዳ ጀመር፤ እሳቸው ከሄዱ የደረጃውን ታሪክ የሚያውቅ አይኖርም ብሎ ነው። እሳቸውም ሲጠየቁ ይመልሳሉ፣ ሲሰለቻቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ከሰዓት ግን ሳይጠየቁ ተናገሩ።

«ሁሴን፣ ሰው ሁሉ የሚያነሣልኝ ደብዳቤ ማደሌን ነው። እኔን ያደከመኝ መርዶው ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቀድመው ለእኔ ነበር የሚጽፉልኝ። ልጅቱን ግራና ቀኝ ሴቶች ሳላስቀምጥላት ነግሬ አላውቅም። ግን ከዓስር ሶላት በፊት ሥራዋ ላይ መገኘት አለባት። አልቅሳ ሳይወጣላት ነበር ተነሥታ የምትሄደው።»

እናቴ ጨርቅ እየቆረጠች ነበር፤ መቀሱን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ገባች። ሊሄዱ በተነሡበት ጠዋት ጋሽ ሙሄ አባቴን አቅፈው ሲያበቁ ወደ እናቴ ዞረው «ከድጃ፣ አፉ በይኝ» አሏት። እሷም «አፉ ብያለሁ ጋሽ ሙሄ፣ እርስዎም አፉ ይበሉኝ» አለችና እጃቸውን ሳመች። እኚህ ደግ ሽማግሌ ምን በድለዋት ነው ይቅርታ የሚጠይቋት ብዬ ግራ ተጋባሁ።

ክረምታቸው ገባ፤ የሪያድ ክረምት ብርድና አንዳንዴ መንገዱን የሚያጥለቀልቅ ዝናብ ነው። በዚያ ወቅት አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ታመው ራጅ ሊነሡ አባቴ ዘንድ ሄዱ። ኡስታዝ ሳሊህ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ ከጥቂት እኩዮቻቸው ጋር የሰፈሩን ታሪክ የምትሰበስብ ትንሽ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሐሳባቸው አሮጌው ፖስታ ቤት ታድሶ የሰፈር ታሪክ ማሳያ እንዲሆን ነው። አባቴ መንሱራ መኖሩን ሲሰሙ፣ ጁምዓ ጁምዓ ደረጃው ላይ ይሰበሰቡ የነበሩት ሐበሾች እነማን እንደነበሩ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት፤ ለዓመታት በአጠገባቸው ሲያልፉ አንድም ቀን ጠይቀዋቸው አያውቁም። አባቴ ያን ቀን እንደ ልጅ እየተፍለቀለቀ ገባ። ከዚያ በኋላ የጁምዓ ከሰዓቱን በእኚያ ሰውዬ መጅሊስ፣ እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል ውስጥ ያሳልፍ ነበር፤ ከመካከላቸው የውጭ አገር ሰው እሱ ብቻ ነው። እናቴ የሚያርፍባት አንዲት ከሰዓት ነበረችው፣ እሷንም ሰጣት ትል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ረመዳን እሳት በሚተፋው በጋ መካከል ዋለ። አባቴ ፆሙን በሥራ ውሎ፣ አፍጥሮ ሳይጨርስ ስልክ ይደውላል፤ ደረጃው ላይ የተቀመጡ ሰዎችን እያፈላለገ የሚያስታውሱትን እንዲነግሩት ይለምናል። ከዚያ ፍተሻ በኋላ ግን ማንም ሰው ስሙ የትም እንዲጻፍ አይፈልግም ነበር። አንዷ «ወንድሜ፣ ከኖርኩ አይበቃኝም?» ብላ ስልኩን ዘጋችበት። ቢቸግረው እናቴን ጠየቃት።

«የሌላውን ጻፍ ሁሴን፣ የእኔን ተወው» አለችው፤ የሾርባውን ድስት እያጠበች ነበር፣ ዞር ብላም አላየችው።

ክረምቱ አልፎ የመጣው ጸደይ አቧራው ክፉ ነበር። ሰማዩ ቀልቶ ይውላል፣ መስኮቱን ዘግተን በበር ሥር ጨርቅ ብንወትፍም ጥርሳችን መሃል አሸዋ ይንቋቋ ነበር። አቧራው በረድ ባለበት አንድ ቀን አባቴ ማኅበሩ ለማዘጋጃ ቤት ለሚያቀርበው ማመልከቻ ፖስታ ቤቱን ፎቶ ሊያነሣ ወረደ። ከመስኮቱ አየው ነበር፤ ወደ ኋላ እየተራመደ ሲያነሣ የፖሊስ መኪና መጥታ አጠገቡ ቆመች፣ ጥቂት ተነጋገሩ፣ ከዚያ የኋላው በር ተከፍቶለት ገባ። እናቴን ስጠራት መጥታ ባዶውን መንገድ አየች። አላለቀሰችም። ለኡስታዝ ቤት ደውላ የሆነውን ተናገረች፣ ቁም ሣጥኑን ከፍታ የሦስታችንን ልብስ በሁለት ሻንጣ አጣጥፋ ከተተች፣ ሻንጣዎቹን በሩ አጠገብ አቁማ እኔን ጎኗ አስቀምጣ ጠበቀች። ሰው ከአገር የሚወጣው እንዴት እንደሆነ በፍተሻው ዓመት ስላየችው፣ እጇ የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

ያለ ፈቃድ የመንግሥት ሕንፃ ፎቶ አንሥተሃል ተብሎ ኖሮ፣ አባቴ ከመግሪብ ሶላት በፊት ኡስታዝ ሳሊህ ዋስ ሆነውት ተመለሰ። በማግስቱ ግን ወሬው ለአሠሪው ደርሶ ኖሮ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ከተሰማ ከአገር የሚያስወጣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ እንደሚመታለት ተነገረው። እናቴ ልብሱን ከሻንጣው እያወጣች ነበር ይህን ስትሰማ።

«ኸላስ፣ በቃ ሁሴን» አለችው። «እኔ ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል» አላት፤ በሌላ ነገር አልተከራከራትም። ወደ መጅሊሱ መሄዱንም ተወ። ያን በጋ ከሥራ መልስ ፍራሹ ላይ ተጋድሞ ጣራ ጣራውን ያይ ነበር፣ ፖስታ ቤቱንም አላነሣብንም።

ብርዱ ዞሮ ሲመጣ፣ ኡስታዝ ሳሊህ በታመመ ጉልበታቸው ፎቃችንን እያረፉ ወጥተው ቤታችን መጡ። እኔና እናቴ መጋረጃው ወዲያ ነበርን። ሽማግሌው ውሃ ከጠጡ በኋላ፣ ቤቱ በባለሙያ እንደታየ፣ ጣራው በስብሷል እንደተባለና ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ እንደሚሆን ተናገሩ። ማኅበሩ ብዙ ለምኖ ነበር፣ ያገኘውም አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ከመፍረሱ በፊት አንድ ጁምዓ ከሰዓት አሁን የታጠረበት አጥር ይከፈትና ሊያየው የሚፈልግ ያየዋል። የእናንተንም ሰዎች ጥራ አሉት። አባቴ፣ አላህ ይስጥዎ፣ ግን ማን ይመጣል አላቸው።

ያን ጊዜ እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና በዓረብኛ «እኛ እንመጣለን፣ ኢንሻአላህ» አለች። ለባዕድ ወንድ ድምፅ አውጥታ ስትናገር ያን ቀን ገና ሰማሁ።

የደወለችላቸው እሷ ነች። አባቴን እምቢ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ መጡ፤ አንዷ ከመዳሟ አጭር ፈቃድ ለምና ሾፌሩ መንገድ ዳር እየጠበቃት ነበር። ጥቁር ዓባያቸውን ሰብስበው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቤቱን ለማየት ወደ ውስጥ የገባ የለም። አባቴ ስልኩን ሊያወጣ ሲል እናቴ በእጇ ከለከለችው፣ ከዚያ የተቀመጠችበትን ሲሚንቶ ዳበስ አደረገች።

«ጋሽ ሙሄ የእናቴን መርዶ እዚህ ነው የነገሩኝ» አለች። «ከዓስር በፊት መመለስ ነበረብኝ። ማታ እንግዳ ነበራቸው። ሽንኩርት ስከትፍ መዳም ዓይኔን አየችና ምን ሆንሽ አለችኝ። ሽንኩርቱ ነው አልኳት። እናቴን ያለቀስኳት በሽንኩርት አሳብቤ ነው።»

ሌላዋ፣ እኔም አባቴን እዚሁ ነው የሰማሁት አለች። ሌላዋ ወንድሟን ጠራች። አንዷ የማንን እንደሰማች ልትናገር ጀምራ አልቻለችምና አጠገቧ ያለችው አቀፈቻት። ከዚያ እናቴ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ እንደ አገሯ ሰው፣ የእናቷን ስም እየጠራች፣ ውላ እንዳደረች አልቃሽ አለቀሰች። ማንም በቃሽ አላላትም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋችው ሴት ለሁሉም ሙታን ዱዓ ስታደርግ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን፤ ኡስታዝ ሳሊህ ራቅ ብለው ግድግዳው ሥር በምርኩዛቸው ቆመው ነበር፣ እሳቸውም አንድ እጃቸውን ዘረጉ። አጥሩን የሚጠብቀው ባንግላዲሻዊ ሽማግሌ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ውሃ አመጣልን። ያቺ ሾፌር የሚጠብቃት ሴት ያላ፣ እንሂድ ተብላ ስትጠራ፣ ዛሬስ ይቆይ ብላ እንደገና ተቀመጠች።

ቤት ስንገባ እናቴ ዓባያዋን እንደለበሰች ፍራሹ ላይ ተኛች። ቀን ስትተኛ አይቻት አላውቅም ነበር። አባቴ ሩዝ ቀቅሎ ከሥሩ አሳረረው፣ ያረረውን ለራሱ አድርጎ ደህናውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እሷን ሳንቀሰቅስ በላን።

ሕንፃውን ለማፍረስ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የኡስታዝ ማኅበርም ሰዎቹ አርጅተው፣ አንዳንዶቹም ከልጆቻቸው ዘንድ ወደ ሰሜን ሪያድ ሄደው ተበተነች። በዚያው ዓመት የአባቴ ውል ሳይታደስ ቀረና ወደ ኮምቦልቻ ተመለስን። ጋሽ ሙሄ ከእኛ ቀድመው ሐርቡ ውስጥ አርፈው ነበር፤ እናቴ ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ ሄዳ ለእህታቸው ለቅሶ ደረሰች።

አሁን አባቴ በአንድ ክሊኒክ ያንኑ ራጁን ያነሣል፣ ያው ደክሞት ይገባል። እናቴ በሰፈሩ የማትደርሰው ለቅሶ የለም፤ የማታውቀው ሰው ቢሞትም ሄዳ ትቀመጣለች፣ ወገቧን ይዛ ትመለሳለች። አምና አጎቴ ሲሞት ልጁ ሩቂያ ሪያድ በሰው ቤት ትሠራ ነበርና፣ መንገር የእኔ ድርሻ ሆኖ ደወልኩላት። ያኔ የሞት ወሬ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ወር ይፈጅ ነበር፣ ሲደርስ ግን ሰው አጠገብሽ አስቀምጦ የሚነግርሽ ነበረ፤ እኔ ሩቂያን ያገኘኋት ወዲያው ነው። ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ነገርኳት፣ ቀስ ብላ፣ አሁን ምሳ እያቀረብኩ ነው፣ እደውልልሻለሁ አለችና ዘጋችው።

እናቴ ስልኩን ከእጄ ወስዳ አየችው።

«አጠገቧ ሰው አለ?» አለችኝ።

አላውቅም አልኳት።