ጋሼ የለምና የመጋዘኑ አንሶላዎች

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤታችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሁሉም «ጋሼ የለም» ነው የሚለው። የሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር። ከምድር ቤቱ ረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ የብረት በር ያለው መጋዘን አለው፤ በሩ ላይ ደግሞ አንገት የማታስገባ ትንሽ መስኮት ተበስታለች። አምፖል የፈለገ፣ ሳሙና የፈለገ፣ ጓንት የፈለገ ሁሉ እዚያች መስኮት ላይ ጎንበስ ብሎ ይለማመጣል። ጋሼ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ ከውስጥ «የለም!» ይላል። አንዳንዴማ ገና ኮቴ ሲሰማ ነው የሚለው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በዚያ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ሰዓት ስንት ሆነ?» ቢለው «የለም» ብሎ መለሰለት ተብሎ ብዙ ተስቋል። እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ግን አምናለሁ።

እኔ የምሠራው እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ልብስ እጥበት ክፍል ነው። ጋሼ «ሥራ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ» እያለ በየድግሱና በየለቅሶው ያወራብኛል። ያደረገልኝ ነገር ቢኖር ለፈተና የመጣሁ ዕለት የሆስፒታሉ በር በየት በኩል እንደሆነ በጣቱ ማሳየቱ ነው። ያንንም ከሱ በፊት ዘበኛው አሳይቶኝ ነበር።

እጥበት ክፍል ማለት ቀኑን ሙሉ እንፋሎት፣ የበረኪና ሽታና የማሽን ጩኸት ነው። ከዋርድ የሚወርደው አንሶላ ደም አለው፣ ትውከት አለው፣ ሌላም ሌላም አለው። እሱንስ ለምደነዋል። ያስቸገረን አንሶላው ራሱ ማለቁ ነበር። ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ፣ ለሁለት ይዘን ስንዘረጋው የጓደኛዬ ፊት በወዲያ በኩል ይታየኛል። የሞተውን አንሶላ ቀደን፣ ሊሞት የተቃረበውን እንጥፍበታለን። መጣፊያ በመጣፊያ ላይ ሲደረብ ደግሞ ስፌቱ እየተቋጠረ የበሽተኛን ጎን ይፈጃል።

አዲስ አንሶላ ግን ነበር። ያውም በካርቶን በካርቶን፣ እስከ ጣሪያ ድረስ። ፍራሽም ነበር፣ ብርድ ልብስም ነበር። ይህን የማውቀው ከእህቴ ነው። ጋሼ ቀን ሆስፒታል ውስጥ «የለም» ሲል ውሎ ማታ እራት ላይ «ዛሬ እኮ የመጋዘኔን ፍራሽ ብታዪ…» እያለ ያወራላታል። ሌላው ወንድ ስለ ልጆቹ እንደሚያወራው ማለት ነው። ለምን አታወጣውም ስትለው «ለክፉ ቀን ነው» ይላል። ሆስፒታል ተኝቶ ከመቃተት የባሰ ክፉ ቀን የትኛው እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። መልሱ ስለሚታወቀኝ ነው። ለሱ ክፉ ቀን ማለት አለቃ የሚቆጣበት ቀን ነው።

አንድ ጊዜ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊጎበኙን መጡ። የዚያን ዕለት ጋሼ አዲስ ክራቫት አስሮ በማለዳ ካርቶኖቹን በጋሪ ወደ ሴቶች ዋርድ አስወጣ። የእህልና የሳሙና ሱቅ ውስጥ ያደገች የምትመስል አንዲት ወፍራም ነጋዴ፣ እግሯ ተሰብሮ የተኛች፣ ነጩ አንሶላ ሲነጠፍላት «ምን ተገኘ? ልትድሩኝ ነው?» ብላ ዋርዱን አሳቀችው። እንግዶቹ ገቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። መኪናቸው ከግቢው እንደወጣ ጋሼ ጋሪውን እየገፋ ተመለሰ።

እኔ አሮጌዎቹን ይዤ ከኋላው እንድገባ ታዝዤ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ጋሼ ከነጋዴዋ አልጋ አጠገብ ደርሶ የአንሶላውን ጫፍ ያዘ።

«ኧረ ወንድሜ፣ አሁን ገና ሞቀኝ እኮ!» አለችው።

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ እናቴ። ትንሽ ወደዚያ ዞር በይ።»

«በየትኛው እግሬ ነው የምዞረው?»

የዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ሮጣ መጣች። ረጅም፣ ነገር የማይገባት፣ ነገር ከገባትም የማትለቅ ሴት ናት። «ጋሼ፣ ቢያንስ እስከ ነገ ይቆይላቸው» አለችው።

«ሲስተር፣ አንቺ መርፌሽን ውጊ። ንብረቱ የኔ ነው» አለና እየጎተተ አወጣው። ሴትየዋ ጮኸች። እሱ አንሶላው እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ ነበር። እሷን ለመጠንቀቅ ትዝም አላለው። አንሶላዎቹ ወደኛ ወረዱ፣ ታጠቡ፣ ተተኮሱ፣ ታጥፈው ወደ ላስቲካቸው ተመለሱ። 

ክረምት ሲገባ ከመጋዘኑ በኩል የሻጋታ ሽታ ይመጣ ጀመር። ከበላዩ ያለው የዋርዱ መታጠቢያ ቤት ነው። ቧንቧው ሳይፈነዳ እንዳልቀረ ገመትኩና ወደ መስኮቷ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ውስጥ ውሃ የሚንጠባጠብ መሰለኝ።»

«የምን ውሃ? የለም።»

«እየሰማሁት እኮ ነው። የቧንቧ ሠራተኛውን ልጥራልህ?»

ፊቱ ጠቆረ። «ማንም እዚህ አይገባም! አንቺ ልብስሽን እጠቢ!» አለና መስኮቷን ጠረቀመብኝ።

ለጥገና ክፍሉ ኃላፊም ነገርኩት። ሰውየው ሄዶ ቢያንኳኳ «ደረቅ ነው» ተብሎ ተመለሰ። ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አንሶላ የለም፣ ፍራሽ የለም ሲል ኖሯል። ለእንግዶቹ የወጣውንም «ያለው እሱ ብቻ ነው» ብሎ ነበር። የቧንቧ ሠራተኛ ገብቶ እስከ ጣሪያ የተቆለለውን ካየ እስከ ምሳ ሰዓት ግቢው በሙሉ ይሰማል። እናም በሰው ፊት ከሚዋረድ ውሃው ይፍሰስ ብሎ ወሰነ። ባልዲ አመጣና ከሚንጠባጠብበት ሥር አስቀመጠ። ደረቱን ነፍቶ የሚሄደው ሰውዬ ጠዋትና ማታ ባልዲ ተሸክሞ በግድግዳ ጥግ እየተሽሎከለከ ውሃ ሲደፋ ማየት ያስቅ ነበር። ቅዳሜና እሁድ እሱ ያርፋል፤ ውሃው አያርፍም። ሰኞ ሲመጣ በበሩ ሥር የሚወጣውን ውሃ በጆንያ እየወለወለ፣ ጫማው ውሃ እየተፋ ይውላል።

በዚህ መሀል የራሱ እናት ታመሙ። ሳንባ ምች ነው ተባለና ሴቶች ዋርድ ተኙ። እታለም፣ ታላቅ እህቴን እንዲህ ነው የምጠራት፣ ከአጠገባቸው አልተለየችም። የደረሳቸው ፍራሽ ስፖንጁ ተበልቶ ብረቱ የሚቆጠር ነበር። አንሶላው ደግሞ እኔው በእጄ የጣፍኩት። ሳየው አወቅሁት።

አሮጊቷ ግን ኩራታቸው ሌላ ነው። ሳላቸው ፋታ ሲሰጣቸው «ልጄ እዚህ ቤት ትልቅ ሰው ነው። ከሱ ቃል የሚወጣ የለም» እያሉ ለጎረቤት አልጋዎች ያወራሉ። እዚያው ዋርድ የተኛች አንዲት የጸጉር ሠራተኛ፣ ሳቂታ ግን ምላሷ የማይምር፣ አንድ ቀን ወደ አልጋቸው ዘንበል አለች።

«እማማ፣ ልጅዎ ይሄን ያህል ትልቅ ከሆነ ለእርስዎ እንኳን ያልተጣፈ አንሶላ አጣ?»

 በጉብኝት ሰዓት ጋሼ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ገባ። እናቱን አልሳማቸውም፤ ከእግራቸው በኩል ቆሞ የአልጋውን ብረት መረመረ። እኔ ንጹሕ ልብስ ላደርስ ገብቼ ነበር።

«ልጄ» አሉት፣ «ይሄ ነገር ጎኔን ጨረሰኝ። አንድ ደህና ፍራሽ፣ አንድ አንሶላ ታጣልኛለህ?»

 ጸጉር ሠራተኛዋ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። ጋሼ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አለ» ብሎ ቢያወጣ፣ ነጋዴዋን ከሥሯ የገፈፋት ለምን ነበር ሊባል ነው። የመረጠውን መረጠ።

«የለም፣ እማዬ» አለ።

እታለም የምታጥበውን ኩባያ አስቀመጠች። እህቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም።

«የለም? እኔ ፊት? ትናንት እራት ላይ ፍራሹ ጣሪያ ነካ ያልከኝ አንተ አይደለህም? ከሚስትህ ጋር ስለ ፍራሽ እያወራህ የምትተኛ ሰውዬ፣ ለወለደችህ የለም ትላለህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለ።

«ይስማ!»

ጸጉር ሠራተኛዋ ሳቋ ከሳሏ ጋር ተደባልቆ ሊገድላት ነበር። ሲስተር ጋሼ ፊት ቆማ መዳፏን ብቻ ዘረጋች። ቁልፉን ሊሰጣት አልፈለገም፤ እኔው ልክፈት አለ። ወረድን። እሱ ከፊት፣ ሲስተርና እታለም ከኋላው፣ እኔ ከነሱ ኋላ፣ ከኔ ኋላ ደግሞ መራመድ የሚችል በሽተኛ በሙሉ። አንዷ የግሉኮስ ማቆሚያዋን እየጎተተች ነበር የወረደችው።

በሩ ሲከፈት ሽታው አፍንጫችንን አስያዘን። ካርቶኖቹ እንደ ራሰ ዳቦ ሟሙተው እርስ በርሳቸው ተደፋፍተዋል። አንሶላዎቹ ላይ ጥቁርና አረንጓዴ ሻጋታ በቅሏል፤ ፍራሾቹ ውሃ ጠጥተው አብጠዋል። ሲስተር አንዱን ብርድ ልብስ በእግሯ ገለጥ ብታደርገው ቀይ ቀይ የአይጥ ግልገሎች ተንጫጩ። ከዚያ ሁሉ ክምር ደረቅ የሆነ አንድ አንሶላ አልተገኘም።

ጋሼ ውሃው ላይ ተንበረከከና አለቀሰ። ያውም ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ። «አንሶላዎቼ… አንሶላዎቼ…» ይላል። እናቱ ትንፋሽ አጥሯቸው ሲያጣጥሩ ዓይኑ ያላቀረረ ሰው ነው። አንዲት በሽተኛ ሆዷ ባብቶ ልታነሣው ጎንበስ ስትል እታለም «ተይው፣ ይውጣለት» አለቻት። ከዚያ ቀጥ ብላ ቤቷ ሄደች። የራሷንና የሱን ፍራሽ በጋሪ አስጭና፣ ሁለት አንሶላ በእጇ ይዛ ከመመሸቱ በፊት ተመለሰች። አሮጊቷ ያን ዕለት በልጃቸው ፍራሽ ላይ ተኙ። ባለቤቱ ምን ላይ እንደተኛ አልጠየቅሁም።

ሻጋታው በሙሉ ከግቢው ጀርባ ተቃጠለ፤ ጭሱ ሲሸተን ሰነበተ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም ሲሰበሰብ ከርሞ ጥፋተኛው ቧንቧው ነው አለ። ጋሼን ያለ ጊዜው ጡረታ አወጡት፤ የስንብት ዝግጅትም አደረጉለት። ዳይሬክተሩ ዓይናቸውን በጨው አጥበው «የሕዝብን ንብረት እንደ ዓይኑ ብሌን የጠበቀ ሠራተኛ» ብለው የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት። ጋሼም በሽልማቱ አላፈረም፤ እንዲያውም ንግግር አደረገ። አዳራሹ ሲያጨበጭብ የእጥበት ክፍል ሴቶች አላጨበጨብንም። እጃችን እርጥብ ነው አልን።

በቦታው አንዲት ወጣት ሴት ተተካች። በሷም ቢሆን መላእክት አልወረዱም። ለወደደችው ቶሎ ትሰጣለች፣ ያልወደደችውን ታመላልሳለች። ግን ትሰጣለች።

እናቱ ድነው ወጡ። ሐኪሙ ፈቅዶላቸው ልብሳቸውን ሲለብሱ ጋሼ ሊወስዳቸው በር ላይ ቆሞ ነበር። አሮጊቷ ግን የእታለምን ክንድ ያዙ። «እኔ ከምራቴ ጋር ነኝ» አሉት፣ ሳይቆጡ፣ ወሬ እንደሚነግሩት ዓይነት። እታለምም አማቷን ይዛ ያገባችው ትልቋ ልጇ ቤት ገባች፤ ጠባብ ቤት ነው፣ ሕፃናት ይንጫጩበታል፣ አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። እታለም ወደ ባሏ አልተመለሰችም። ተፋታሁ አትልም፣ ተጣላሁም አትልም። «እማማን ማን ያያቸዋል?» ነው የምትለው።

እኔን ግን አንዳንዴ ትልከኛለች፤ በሕይወት መኖሩን እዪልኝ እያለች። አንዳንድ ሰው እንዴት ነው ብቻውን፣ ያሳዝናል ይለኛል። እኔን አላሳዘነኝም። ባለፈው እሁድ ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አደረገውና በስንጥቁ በአንድ ዓይኑ አየኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ። ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። ልጠይቅህ ብዬ ነው።»

 እጄን አየ፣ ቦርሳዬን አየ፣ ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆን አንገቱን ሰግጎ አየ።

«ምንም ካልፈለግሽማ ጥሩ ነው» አለና ዘጋው።