አስካለች ኳስ የጣለችበት ቀን

በወላይታዋ ሻንቶ ከተማ የስፖርት መምህርቷን አስካለችን የማያውቅ ካለ ወይ አዲስ መጤ ነው ወይ ከቤቱ የማይወጣ ነው። ቁመቷ ከሚኒባስ በር ጋር ተስማምቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። ዕድሜዋ አርባዎቹን አጋምሷል። አላገባችም። ለምን እንዳላገባች ከተማው በየጊዜው ምክንያት ያዘጋጅላታል፤ እሷ አንዱንም አላጸደቀች፣ አንዱንም አልሻረች።

በወጣትነቷ ለክልሉ ቮሊቦል ትጫወት ነበር። ሥራዋ ከኋላ ቆሞ መቀበል ነበር። ተቃራኒ የመታው ኳስ የቱንም ያህል ቢከር ክንዷ ላይ ሲያርፍ ይለዝባል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ተነስቶ ወደታሰበለት ቦታ ይሄዳል። ሶዶ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ ጎልማሶች ዛሬም ሲያዩዋት «አስካለች ባለችበት ኳስ መሬት አይነካም» እያሉ አንድ ሁለት ራስ ይመርቁላታል። ሰው የሚኮራበት አንድ ነገር ያስፈልገዋል። ለአንዱ ልጁ ነው፣ ለአንዱ ቤቱ። አስካለች ይህችው አባባል ነበረቻት፤ ልጅም ቤትም ሆና ታገለግላት ነበር።

ማክዳን ያገኘቻት ጉኑኖ ላይ ነው፣ በትምህርት ቤቶች ውድድር። ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ሌሎቹ ኳሱን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው በጡጫ ይጠልዙታል፤ እሷ ግን በጣቶቿ ጫፍ ተቀብላ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቃ ታነሳዋለች። እንዲህ ኳሱን ለመቺዎቹ ከመረቡ በላይ የምታመቻች ተጫዋች ሴተር ትባላለች። ቡድኑ የሚዞረው በእሷ ነው፤ ሰው የሚያጨበጭበው ግን ለመቺዋ ነው። አስካለች ውድድሩ ሳያልቅ የልጅቷን አባት አቶ ደገፉን ፈልጋ አገኘቻቸው።

«ልጅቷን ይስጡኝ። ሻንቶ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ትማር።»

አቶ ደገፉ ገበሬ ናቸው፤ ነገር ቶሎ አይቆርጡም። ቤታቸው ሄደው ከሚስታቸው መክረው በሦስተኛው ቀን መልስ ላኩ። «አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ትሁን። ኳሱ እንጀራ ከሆናት እሰየው። ካልሆናት ትመለሳለች፤ ጠያቂ አታጣም።» ጠያቂ ያሉት ሽማግሌ የሚልክ ሚስት ፈላጊ መሆኑን አስካለችም አውቃዋለች።

እንዲህ ሆኖ ማክዳ ወደ አስካለች ቤት ገባች። ሁለት ዝምተኞች አንድ ቤት ሲገቡ ዝምታው አይደመርም፣ ይራባል። ማታ ማታ የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬውን ማለት ነው፣ በቃሪያ ዳታ እያጠቀሱ ይበላሉ፤ «ጨው ይጨመር?» ከተባባሉ ብዙ አወሩ ማለት ነው። ማክዳ ሳትጠራ ትመጣለች፣ ሳትጠየቅ ታቀርባለች። በዚያ አገር ጨዋ ልጅ ታላቅን ቀና ብሎ አያይም፤ ስሙን ጠርቶ መጮህማ የማይታሰብ ነው። «ቲቸር» ከማለት ውጭ ሌላ መጠሪያ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አስካለች በዚህ ደስ ይላት ነበር። ሰው ያለበት ዝምታና ሰው የሌለበት ዝምታ የተለያዩ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው የተረዳችው። ሌሊት ስትነቃ የልጅቷን ትንፋሽ ትሰማና ተመልሳ ትተኛለች።

ማክዳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ አስካለች የሰማችውን ሁሉ ማሳደድ ጀመረች። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ጠንካራ የሴቶች ቮሊቦል ቡድን እንዳለው፣ ተጫዋቾቹንም አሳድሮ በነፃ እንደሚያስተምር ሰማች። የአሰልጣኙን የመልአኩን ስልክ ከአንድ የድሮ ጓደኛዋ ለምና አገኘችና በቴሌግራም ቪዲዮ መላክ ተያያዘች። ማክዳ ስታነሳ፣ ማክዳ ስትወድቅና ስትነሳ፣ ማክዳ በጭቃ፣ ማክዳ በፀሐይ። አሰልጣኙ ለሁሉም አውራ ጣት እየላከ ዝም ይላል። አንዴ ብቻ በቃል መለሰ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ላም ሜዳውን አቋርጣ ስታልፍ ትታያለች፤ መልአኩ «ላሟ የማን ናት?» ብሎ ጻፈ። አስካለች ከትከት ብላ ሳቀች፤ ብቻዋን ስለነበረች ግን ሳቋ ቶሎ አለቀባት። ቢሆንም ሰውየው ቪዲዮውን እንደሚያይ በዚያ አወቀች፤ አላቆመችም።

ግንቦት ላይ መልአኩ ራሱ ደወለ። ቡድኑ ለወዳጅነት ጨዋታ ወደ ሶዶ ይመጣል፤ በማግስቱም የአካባቢውን ልጆች ከእሱ ተጫዋቾች ጋር ቀላቅሎ ይሞክራል። የሚፈልገው አንድ ሴተር ነው። «ያቺን ባለ ላሟን አምጪያት» አለ።

የሙከራው ቀን ከሻንቶ በማለዳ ተነሱ። ሜዳው ዳር ሰው ተሰብስቧል፤ ሶዶ ኳስ ካለ ሰው አይጠፋም። አስካለችን ያወቁ ጎልማሶች እጅ ነሱ። መልአኩ ማክዳን በሁለተኛው ዓመት ተማሪዎቹ መሃል አስገባት። ከፊቷ የቆመችው መቺ ፈጠነች የምትባል ነች፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ፈጣን፣ ከማክዳ በሦስት ዓመት የምትበልጥ።

ጨዋታው ሲጀመር የማክዳ ጣቶች እንደ ወትሮው ነበሩ። አፏ ግን ተዘግቷል። ሴተር «የእኔ!» ማለት አለባት፣ «ፈጠነች፣ ነይ!» ማለት አለባት፣ የዘገየውን መቆጣት አለባት። ሻንቶ ላይ ጓደኞቿ ዓይኗን አይተው ይግባቡ ነበር፤ እነዚህ ዓይኗን አያውቁትም። እሷ ደግሞ ታላላቆቿን ማዘዝ ነውር ሆኖባት፣ ኳሱ በእሷና በፈጠነች መሃል ሲወርድ ሁለቱም እየተያዩ ይወድቃል። አንዴ ወደቀ። ደግሞ ወደቀ። ፈጠነች ወገቧን ይዛ «ኧረ ይቺ ልጅ ትናገራለች?» አለች።

መልአኩ ወደ አስካለች ዞረ። «ጣቷ ወርቅ ነው፣ አልዋሽሽም። አፍ ግን የላትም። ድሮስ ‹አፍ ያለው ያግባሽ ከብት ያለው› ሲሏት አፍ ያለውን የመረጠችው ወዳ ነው? ሜዳ ላይ ቡድን የሚነዳ ድምፅ እፈልጋለሁ። ለዚች ልጅ አዝናለሁ።»

«አንድ ጨዋታ ጨምርላት» አለች አስካለች።

«ሰው ጎድሎኛል። ከኋላ የምትቀበለዋ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ተቀምጣለች።»

«እኔ እገባለሁ።»

መልአኩ ከእግር እስከ ራሷ አያት። ዝናዋን ሰምቷል። ሳቀና እጁን ወደ ሜዳው ዘረጋላት። አስካለች ሹራቧን አውልቃ ስትገባ ከዳር ያሉት አጨበጨቡ። በማክዳ አጠገብ ስታልፍ ዝቅ ብላ «ጩኺ። ካስፈለገም በእኔ ላይ ጩኺ» አለቻት።

«በእርስዎ ላይ?» ማክዳ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አልችልም ቲቸር።»

የመጀመሪያው ኳስ ከተቃራኒ ወገን እየከረረ መጣ። አስካለች ክንዷን ዘረጋች፤ ኳሱ ተነስቶ ማክዳ አናት ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ማክዳ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትንቀሳቀስ አነሳችው፤ ፈጠነች መታችው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ሕዝቡ «አስካለች! አስካለች!» ማለት ጀመረ። ጉልበቷ ታዘዘላት፣ ትንፋሿ በቃት፤ ደረቷ ውስጥ ብዙ ዓመት የተኛ ነገር ሲነቃ ተሰማትና ደስ አላት። መልአኩ ሳይቀር ሲያጨበጭብ አየችው።

ያጨበጨበው ግን ለእሷ ነበር። ዓይኑ አንድም ጊዜ ማክዳ ላይ አላረፈም።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። እኔ ከኋላዋ እስካለሁ ድረስ ይቺ ልጅ አፏን የምትከፍትበት ምክንያት የላትም፣ አለች በልቧ። ሁሉን አዘጋጅቼ እሰጣታለሁ፤ ለምን ትጮኻለች? ቤትም እንዲሁ ነበር። ጨዋ ልጅ አሳደግሁ ስል ዝምታዬን አወረስኳት።

አራተኛው ኳስ መጣ። ለእሷ ሕፃን የሚቀበለው ኳስ ነበር። አስካለች ክንዶቿን ትንሽ ከፈት አደረገች፤ ኳሱ በመሃላቸው አልፎ እግሯ ሥር ወደቀ።

ዳር ያለው ሕዝብ ማጨብጨቡን አቆመ። «አይዞሽ!» አለ አንዱ። አምስተኛውን ዘግይታ ተነሳችና ሳትደርስበት ቀረች። ስድስተኛውን ወደ ውጭ ላከችው። ከጎልማሶቹ መሃል አንዱ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ሲል ሳቅ ተነሳ። አስካለች የተናገረውን ሰው ታውቀዋለች፤ ሽንኩርት ሲመርቅላት የኖረው ነው። ፊቷ ጋለ። ዞር ብላ ማሳየት ፈለገች፤ አንድ ኳስ ብቻ፣ አንዷን እንደ ድሮዋ። እጇን ግን ያዘችው።

ሰባተኛውን ስትጥል ማክዳ በደረቷ ተወርውራ ልታድነው ሞከረች፤ አልደረሰችም። አቧራ ለብሳ ተነሳች። አንዴ አስካለችን፣ አንዴ የነጥቡን ሰሌዳ፣ አንዴ መልአኩን አየች።  የአራት ዓመት ልፋቷ በአስካለች ክንድ መሃል እያለፈ መሬት ሲወድቅ እያየች ነው።

ቀጣዩ ኳስ ሲመጣ አስካለች አሁንም ቆመች።

«አስካለች!» ማክዳ ጮኸች፣ በወላይትኛ፣ ድምፅዋ እየተሰነጠቀ። «ምን ይገትርሻል? ዞር በይ! የእኔ ነው!»

ራሷ ገብታ ኳሱን መሬት ሳይነካ አፈሰችው፤ «ፈጠነች፣ አንሺ!» አለች፤ ፈጠነች ደንግጣ አነሳችው፤ ማክዳ ሌላዋን መቺ በስሟ ጠርታ አስመታቻት። ነጥብ ሆነ። ከዚያ በኋላ አፏ አልተዘጋም። ያንቺ ትላለች፣ ተመለሺ ትላለች፣ ማንን ነው የምትጠብቂው ትላለች። ልጆቹ በድምፅዋ ይሄዳሉ፣ በድምፅዋ ይቆማሉ። አስካለችን «አንቺ ዳር ያዢ» ስትላት አስካለች ዳር ያዘች፤ እስከ መጨረሻው ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።

ጨዋታው ሲያልቅ መልአኩ መጥቶ የማክዳን እጅ ጨበጠ። «መስከረም ላይ ኮሌጅ ትገቢያለሽ» አላት። ለአስካለች ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ማጽናናት፣ «ዕድሜ ክፉ ነው፣ አይዞሽ» ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ወደ ሻንቶ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ማክዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅስ ነበር። ማለፏ አልነበረም ያስለቀሳት።

«ይቅር ይበሉኝ ቲቸር። ስምዎን ጠራሁ። አንቺ አልኩዎት።»

አስካለች ልትነግራት አፏን ከፈተች። ሆን ብዬ ነው የጣልኩት ማለት አንድ ትንፋሽ ነበር። ከዚያ አሰበችው። ይህን ከሰማች ያ ጩኸት የራሷ መሆኑ ይቀራል፤ ቲቸር ያበደረቻት ይሆንባታል፤ አዲስ አበባ ሄዳም ሌላ ሰው እስኪያስጮኻት ትጠብቃለች። መስኮቱን እያየች ተናገረች።

«እርጅና ነው፣ ልጄ። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። እንኳንም ጮኽሽ።»

ማክዳ ይበልጥ አለቀሰች። ከዚያ ቀን በኋላ አስካለችን በሐዘኔታ ታይ ጀመር፤ ባልዲ ስታነሳ ሮጣ ትቀበላታለች። አስካለች ይህን መቀበል ከሁሉ ከብዷት ነበር።

መስከረም ላይ አቶ ደገፉ መጥተው ልጃቸውን መረቁ፣ አስካለችንም አመሰገኑ፤ ማክዳ ሄደች። ቤቱ ባዶ ሆነ። አስካለች መጀመሪያ ሰሞን ቦይናውን ለሁለት ትቀቅልና የተረፈውን ጠዋት ትበላዋለች። በኋላ ለአንድ መቀቀል ለመደች። ሌሊት ትነቃለች፤ የምትሰማው ትንፋሽ የራሷን ብቻ ነው። ናፍቆቷን የምትነግረው ሰው አልነበራትም፤ በዓመታት ያገኘችው ሰው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች፣ እሷንም ራሷ ናት አፍ ሰጥታ የሰደደቻት።

የሶዶው ወሬ ሻንቶ ለመድረስ ሚኒባስ አላስፈለገውም። የመምህራን ቡድን ከጤና ጣቢያው ጋር ሲጋጠም፣ ባልደረቦቿ ክፉ ሳይሆኑ፣ በደግነት፣ ፊሽካ ሰጥተው ዳኛ አደረጓት። ሶዶ ገበያ ያ ሽንኩርት ሻጭ አሁንም ይመርቅላታል፤ አባባሉን ግን ትቶታል። «እንዴት ነው ጉልበትሽ?» ይላታል። ደህና ነው ትለዋለች።

ኅዳር ላይ አንድ ማታ ማክዳ ደወለች። ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። በወሬዋ መሃል ዞር ብላ «ዝም በሉ፣ ስልክ ላይ ነኝ!» ስትል ጫጫታው ወዲያው ጸጥ አለ። አስካለች ብቻዋን ፈገግ አለች። ማክዳ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ ምግቡ፣ ቅዳሜ ስላሸነፉት ጨዋታ አወራች። አራት ዓመት ያላወራችውን በአንድ ስልክ የምታወራ ይመስል ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ እዚህ ላሉት ልጆች ስለ ድሮዎ ነገርኳቸው። ኳስ አትጥልም ነበር አልኳቸው። ፈጠነች ሳቀችብኝ። ‹እኔ አየኋት እኮ› አለች። ተጣላኋት።»

አስካለች ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዞረች። 

«ለምን ትጣያታለሽ? ያየችውን ነው የተናገረችው።»

«ቢሆንም። ግን ቲቸር፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ከእንግዲህ ሜዳ አይግቡ። ሰው እንዲስቅብዎ አልፈልግም። ቃል ይግቡልኝ።»

«እሺ፣ ልጄ። አልገባም።»

ማክዳ ደስ ብሏት ስልኩን ዘጋች። አስካለችም ቃሏን ጠበቀች።