የቆረቆንዳ ከሰል

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከኮምቦልቻ የውሃ ማጣሪያ ገዝታ መጥታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ገጠመችልኝ። ነገር ካልፈታሁ እንቅልፍ አይወስደኝምና እሷ ዞር ስትል ሆዱን ከፈትኩት። ጣቴ ላይ ጥቁር ደቃቅ ነገር ቀረ። ባሸተው ምንም የለውም። ስትመለስ ተቆጣችኝና ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ከሰል መሆኑን ነገረችኝ። ሳቄ መጣ። እኛ ጨፋ ላይ በደርግ ጊዜ ከቆረቆንዳ ሠርተነው ነበር።

ያኔ አፍላ ጎረምሳ፣ ጀማሪ አስተማሪ ነኝ። ከከሚሴ ወረድ ብላ፣ የቦርከናን ወንዝ ተጠግታ ባለች መንደር ተመድቤ እማ ዘሐራ ከሚባሉ፣ ከትንሽ ልጃቸው ከከድጃ ጋር ከሚኖሩ ባልቴት ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ገበሬ ማኅበሩ መንደሩ መሐል ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር፤ ውሃው ግን የገማ እንቁላል ይሸታል። ከብት እንኳ አሽትቶት ይመለሳል። ስለዚህ እማ ዘሐራ በየቀኑ እንስራ አዝለው ቦርከና ይወርዳሉ። ወገባቸውን ያማቸዋል፤ አፍ አውጥተው አይናገሩም እንጂ ሲቀመጡ «ያ አላህ» የሚሉት አባባል ያስታውቅባቸዋል። በጣም ያሳዝኑኝ ነበር።

የሳይንስ አስተማሪው ይማም ወዳጄ ነው፤ ወሬው ከሥራው የሚቀድም ቢሆንም ሥራውም አይናቅም። አንድ ቀን ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣

«ይህን ሽታ ከሰል ይውጠዋል» አለኝ።

«ከሰል ደግሞ ሽታ ይበላል እንዴ?»

«ይበላል እንጂ! ፍም ሆኖ ሳለ ውሃ ረጨት ስታደርግበት፣ እንፋሎቱ በውስጡ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ይከፍታል። ሽታው እዚያ ገብቶ ይቀራል። ዛፍ አንነካም ደግሞ፣ ከቆረቆንዳ ነው የምንሠራው። ሜዳ ላይ የተጣለ አይደል?»

እውነትም ወሩ ኅዳር ነበርና በየጓሮው ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ ተቆልሏል። ለውሃው መሆኑ ሲሰማ ነገሩ ሰደቃ ሆነ። በዚያ አገር ለውሃ የሚሰጥ ሰደቃ ደግሞ ማንንም አያልፍም፤ ሰው በሞቱበት ዘመዶቹ ስም ሳይቀር ይሰጣል። አንዱ በአህያ፣ አንዷ በጆንያ እያመጡ «ይህ የእናቴ ድርሻ ይሁን» እያሉ አራገፉልን። እኛም ደስ ብሎን ተቀበልን።

ጉድጓድ ቆፍረን ቆረቆንዳውን ከመርን፤ ለኩሰን አፈር አለበስነው። ቢጫ ጭስ መንደሩ ላይ ተኝቶ አልነሳ አለ፤ ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸው ቀላ። እማ ዘሐራ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው «ውሃውን ልታጠሩ ነው ወይስ እኛን ልትፈጁ?» ይሉናል። ሲከፈት ያ ሁሉ ክምር ምን ያህል ከሰል ቢወጣው ጥሩ ነው? አንዲት ጆንያ እንኳ በወጉ አልሞላም! የቀረው በጭሱ ሄዷል። እየወቀጥን፣ በርሜል ውስጥ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር እየደረደርን ስንሠራ የዓይናችን ነጭ ብቻ ነበር የሚታየው።

የተጣራውን ውሃ መጀመሪያ የቀመሱት እማ ዘሐራ ናቸው። ተጉመጠመጡ፣ ዋጡ። ከዚያ «ቢሻን ጋሪ!» አሉ። ጥሩ ውሃ ማለታቸው ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ በቃ ወንዝ አልወርድም።»

ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ ሽታው ተመለሰ። ይማም ከሰሉ እንደጠገበና ሌላ መሥራት እንዳለብን ነገረኝ። ጆንያ ይዘን ብንዞር ጓሮው ሁሉ ባዶ ነው። በመንገዳችን ላይ እርጥብ ግራር የተሸከሙ ሴቶች ከወንዙ ሲመጡ አገኘን።

«ምነው እናቴ፣ ግራሩን?» አልኳት አንዷን።

«ታዲያ ገንፎውን በምን ላገንፋ? የበጋ ማገዶዬ እናንተ በርሜል ውስጥ ነው ያለው።»

ደነገጥኩ። ቁልሉ ለእነሱ የከረመ ማገዶ ነበር፤ ለሰደቃ ተብሎ ማንም ትንሽ እንኳ አላስቀረም። ወንዙ ዳር ብንወርድ ጉቶ በጉቶ ሆኗል፤ አፈሩም እየተናደ ውሃው ውስጥ ይገባል። ዛፍ አንነካም ያለው ይማም ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ ወደ መንደሩ ተመለሰ።

ማታ ለእማ ዘሐራ ማቆማችንን ነገርናቸው። «መርሐባ፣ ይሁን» አሉ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የወንድማቸው ልጅ መጥረቢያ ይዞ ደጃቸው ላይ የነበረውን ትልቅ ግራር ጥሎታል።

«እማ፣ ጥላዎን?» አልኩ፤ ልቅሶ እየቃጣኝ።

«ይህን ሁሉ ዘመን እኔ ተሸከምኩ» አሉ፤ «እስቲ ደግሞ ግራሩ ይሸከምልኝ። ውሰዱና አክስሉት።»

የዚያ ግራር ከሰል እስከ ክረምት አደረሳቸው። እኔ ወዲያው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወርኩ፤ በርሜሉም ከዚያ በኋላ እንዳልቀጠለ ሰማሁ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ! አንድ ነገር እናጥራ ስንል ሌላ ቦታ የምናጠፋውን እንድንጠይቅ ነበር ዓላማዬ፤ መጨረሻውም ሁልጊዜ ያ ግራር ሲወድቅ ነው። አምና ሰንበቴ ከተማ ሰርግ ተጠርቼ የእማ ዘሐራን ልጅ ከድጃን አገኘኋት። ያን ጊዜ ገና ፊደል የምትቆጥር ነበረች፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች። እናቷ ካረፉ ቆይቷል። ስለ ግራሩ በሐዘን አነሳሁባት።

«ወላሂ ጋሼ፣ ግራሩን አላስታውሰውም» አለችኝ። «እኔ የማስታውሰው፣ ከትምህርት ቤት ስመጣ እናቴን ቤት ያገኘሁበትን በጋ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ለሰው ላወራ ስል የት ላይ እንደማቆመው ይጠፋኛል።